ስህተቱ በመፍጠሪያው ሰዓት ይምጣ፦ ብዙ ሲስተም ላይ ለሚሠራ ላይብረሪ የጋራ ሜሞሪ ስንነድፍ

256 ሜጋባይት የጋራ ሜሞሪ (ብዙ ፕሮሰሶች፣ ማለትም በመሮጥ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች፣ አብረው የሚያነቡትና የሚጽፉት ቦታ) የሚጠይቅ ፕሮግራም ዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ስታስነሱት ምንም አይልም። ቦታውን በስም የሚከፍተው ሺም_ኦፕን ይሳካል። ኤፍትራንኬት መጠኑን 256 ሜጋባይት አድርጎ ዜሮ ይመልሳል። ሜሞሪውን ከፕሮግራሙ ጋር የሚያያይዘው ኤምማፕ አድራሻ ይሰጣል። ሎጉ ላይ «ዝግጁ» የሚል መስመር ይወጣል። ከዚያ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ባይት እየጻፈ ሄዶ 64 ሜጋባይቱን ሲያልፍ በሲግባስ (ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ በሚልከው ገዳይ ሲግናል) ይሞታል። የሞተበትን መስመር ብታዩት አንድ ተራ ሜምኮፒ (ባይት መገልበጫ) ነው፤ ከሜሞሪ ምደባ ጋር ምን እንዳገናኘው ለማወቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ነገሩ ቀላል ነው። ዶከር፣ ሌላ ካልተነገረው በቀር፣ ለአንድ ኮንቴይነር የሚሰጠው «/ዴቭ/ሺም»፣ ማለትም በስም የሚከፈት የጋራ ሜሞሪ የሚቀመጥበት ቦታ፣ 64 ሜጋባይት ብቻ ነው። ኤፍትራንኬት ደግሞ የፋይሉን ርዝመት ይመዘግባል እንጂ ፔጅ (ከርነሉ ሜሞሪ የሚያድልበትን ቁራሽ) አይዝም። ፔጅ የሚያዘው መጀመሪያ ሲነካ ነው። በዚያች ቅጽበት ቦታ ከሌለ ከርነሉ ስህተቱን የሚመልስበት መንገድ የለውም፤ ሜሞሪ ላይ መጻፍ የሲስተም ጥሪ ስላልሆነ የሚመለስ የስህተት ቁጥር የለም። የቀረው ሲግናል መላክ ነው።

የኮንቴይነሩን «ሺም-ሳይዝ» ከፍ ማድረግ ለዚያ አንድ ማሽን መፍትሔ ነው። ላይብረሪ የሚጽፍ ሰው ግን ፕሮግራሙ የት እንደሚሮጥ አያውቅም፤ ሊኑክስ ይሁን ማክ ይሁን ዊንዶውስ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ይሁን ውጭ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከአንድ አቋም ይነሳል፦ ላይብረሪው ሊያቅተው የሚችል ነገር ካለ በመፍጠሪያው ጥሪ ውስጥ ይቃተው፣ የስህተት ቁጥር ይመልስ፤ ከዚያ በኋላ ሲግናልም ሆነ ማለቂያ የሌለው ጥበቃ አይኑር። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

በእጃችን ያሉት መንገዶች

ዩኒክስ ላይ የቆየው የሲስተም ፋይቭ መንገድ ነው፤ ሺምጌት፣ ሺምኤት፣ ሺምዲቲ፣ ሺምሲቲኤል። ቁልፉ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩንም አብዛኛው ሰው ከፋይል ስም በኤፍቶክ ያወጣዋል። ኤፍቶክን አትመኑት። ሊኑክስ ላይ ከፋይሉ ኢኖድ (መለያ) ቁጥር ዝቅተኛ 16 ቢት፣ ከዲቫይሱ 8 ቢት፣ ከሰጣችሁት መለያ 8 ቢት ወስዶ ነው 32 ቢት የሚሞላው፤ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ቁልፍ ሊያወጡ ይችላሉ። የመጠን ጣሪያውም ከሲስተም ሲስተም ይለያያል። ሊኑክስ ከከርነል 3.16 በፊት ያለ ማስተካከያ 32 ሜጋባይት ነበር፤ ማክ ላይ 4 ሜጋባይት ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስኪውኤል በ2013 በወጣው 9.3 ዋናውን የጋራ ሜሞሪ ከሲስተም ፋይቭ ወደ ስም አልባ ኤምማፕ ያዛወረው ተጠቃሚው ከርነል እንዲያስተካክል እያስገደደ መኖር ስለሰለቸው ነው። ትንሽ የሲስተም ፋይቭ ሴግመንት (የጋራ ሜሞሪ ቁራጭ) ግን አስቀርቷል፤ «ስንት ፕሮሰስ ተያይዟል?» የሚለውን ቆጠራ የሚሰጠው ያ መንገድ ብቻ ነውና።

ሁለተኛው የፖሲክሱ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ደረጃ) ሺም_ኦፕን ነው፤ ስም ይሰጡታል፣ ፋይል ዴስክሪፕተር (የተከፈተ ፋይል ቁጥር) ይመልሳል። ከጂሊብሲ (የሊኑክስ ሲ ላይብረሪ) 2.34 በፊት ለብቻው ከሚገኘው አርቲ ላይብረሪ ጋር ማገናኘት ነበረባችሁ፤ አሮጌ ማሽን ላይ ቢልዱ «ያልታወቀ ስም» ብሎ ከወደቀ ምክንያቱ ይኸው ነው። አንድሮይድ ላይ ጭራሽ የለም። ሦስተኛው ስም አልባው ኤምማፕ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ በፎርክ፣ ፕሮሰስ ራሱን ሲያባዛ፣ ብቻ ይተላለፋል። ሊኑክስ ከ3.17 ጀምሮ ሜምኤፍዲን ጨምሯል፤ ስም የለውም፣ ዴስክሪፕተር ግን አለው፣ በዩኒክስ ሶኬት ለማይዛመድ ፕሮሰስ ሊላክ ይችላል። አራተኛው ተራ ፋይልን ማፕ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ክሪኤትፋይልማፒንግ እና ማፕቪውኦፍፋይል።

አፓቼ ፖርተብል ራንታይም የተባለው ላይብረሪ እነዚህን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያውቃል። የሚመርጠው ግን ኮንፊገር ሲደረግ ነው፤ ቢልድ ማሽኑ ላይ ያለውን አይቶ አንዱን በማክሮ ያጸናል። በ2000 አካባቢ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ማሽን ላይ ኮምፓይል ሲያደርግ ይህ ትክክል ነበር። ዛሬ ቢልዱ አንድ ቦታ ይሠራል፣ ባይነሪው ሺህ ቦታ ይሮጣል። ስለዚህ ኮምፓይል ሲደረግ የሚወሰነው «የትኞቹ መንገዶች ኮድ ውስጥ ይግቡ» የሚለው ብቻ ይሁን፤ «የትኛው ይሠራል» የሚለው ፕሮግራሙ ሲነሳ ተሞክሮ ይወሰን። የተመረጠው መንገድም በአንድ ጥሪ ሊጠየቅ ይገባል፤ ችግር ሲመጣ ሎግ ላይ ማየት የምትፈልጉት መጀመሪያ እሱን ነው።

ለደዋዩ፣ ላይብረሪውን ለሚጠራው ፕሮግራም፣ ግን የመንገዱን ስም አታሳዩት። ደዋዩ የሚናገረው የሚፈልገውን ነው፦ ለልጆቼ ብቻ ይድረስ? የማይዛመድ ፕሮሰስ በስም ያግኘው? ሁሉም ፕሮሰስ ከሞተ በኋላ ይቆይ? ሦስተኛውን «አዎ» ላለ ሰው የሚሰጠው የፋይል ማፕ ብቻ ነው። ሺም_ኦፕንም ቢሆን ፕሮሰሶቹ ከሞቱ በኋላ ይቆያል ብላችሁ እንዳትከራከሩ፤ ዊንዶውስ ላይ ባለው አቻው የመጨረሻው ሃንድል (ማጣቀሻ) ሲዘጋ ሴግመንቱ ይጠፋል። ሊኑክስም ላይ ሲስተምዲ ሎግኢንዲ ተጠቃሚው ከሲስተሙ ሲወጣ የእሱን የአይፒሲ (የፕሮሰስ መገናኛ) ዕቃ ጠራርጎ የሚያጠፋበት ማስተካከያ አለው፤ የሲስተም ተጠቃሚ ላልሆነ ሰው ይሠራል። አንዱ ሲስተም ላይ በአጋጣሚ የሚገኝን ጸባይ ቃል ኪዳን አድርጎ መስጠት የዚህ ሥራ ትልቁ ወጥመድ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለትም ለልጆች ብቻ ለሚሆነው፣ ሊኑክስ ላይ ስም አልባ ኤምማፕ ወይም ሜምኤፍዲ ይምረጡ። ሁለቱም በ«/ዴቭ/ሺም» መጠን አይገደቡም፤ የሚገድባቸው የኮንቴይነሩ የሜሞሪ ጣሪያ ነው። መግቢያው ላይ ያለው 256 ሜጋባይት በዚህ መንገድ ቢጠየቅ ኖሮ 64 ላይ አይሞትም ነበር።

ቦታውን በእውነት መያዝ

በስም የሚከፈት ሴግመንት ከሆነ፣ ሊኑክስ ላይ ከኤፍትራንኬት ቀጥሎ ፖሲክስ_ኤፍአሎኬት ይጠራ። ይህ ጥሪ ፔጆቹን በእርግጥ ይይዛል፤ ቦታ ከሌለ እዚያው «ቦታ የለም» ይላል፣ ሊኑክስ ላይ ቁጥር 28። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ስህተቱን የሚመልሰው በራሱ ውጤት ነው እንጂ በኤርኖ፣ በተለመደው የስህተት ቁጥር መያዣ፣ አይደለም፤ ኤርኖን የሚያይ ኮድ ሁልጊዜ የተሳካ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ትልቅ ሴግመንት ላይ ጊዜ ይወስዳል፣ በመሃል ሲግናል ከመጣም ይቋረጣል። በየጥቂት ሚሊሰከንዱ የሚጮህ ሰዓት ቆጣሪ ያለው ፕሮግራም ውስጥ «ከተቋረጠ ድገም» የሚል ሉፕ ላያልቅ ይችላል። ጥሪው እስኪያልፍ ሲግናሎቹን አግዱ፣ ከዚያ መልሱ።

ቀድሞ መያዙ ዋጋ አለው። 8 ጊጋባይት ጠይቆ 200 ሜጋባይት ብቻ ለሚጠቀም ሰው ብክነት ነው። ስለዚህ አማራጭ ይሁን፤ ግን ዝም ያለ ሰው የሚያገኘው ቀድሞ የሚይዘውን ይሁን። ዊንዶውስ እንዲያውም በነባሪው የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ በፔጅ ፋይል የተደገፈ ሴግመንት ሲፈጠር ሙሉ መጠኑ ከሲስተሙ የኮሚት (ቃል የተገባ ሜሞሪ) ሂሳብ ላይ ይቀነሳል፣ ካልበቃ እዚያው ይወድቃል።

መጠኑ ላይ ሌላ ነገር አለ። ደዋዩ 1,000,000 ባይት ጠየቀ እንበል። የላይብረሪው ሄደር፣ በሴግመንቱ መጀመሪያ ያለው የመረጃ ክፍል፣ 256 ባይት ነው፤ ድምሩ 1,000,256። ፔጁ 4096 ባይት በሆነበት ተራ ማሽን 245 ፔጅ፣ ማለትም 1,003,520 ባይት ይሆናል። የአፕል ቺፕ ያለው ማክ ፔጁ 16,384 ስለሆነ 62 ፔጅ፣ 1,015,808። አንዳንድ የአርም ሰርቨር ከርነሎች 65,536 ይጠቀማሉ፤ እዚያ 16 ፔጅ፣ 1,048,576 ይወጣል። ከእነዚህ ውስጥ ለደዋዩ የሚመለሰው የትኛው ነው? የጠየቀው 1,000,000 ነው። የተረፈውን ከሰጣችሁት ማክ ላይ 15,552 ባይት ትርፍ እያገኘ የሚኖር ኮድ ይጻፍና ተራው ማሽን ላይ ሲሄድ ይደናቀፋል። ሁለቱም ቁጥሮች ሄደር ውስጥ ይጻፉ፤ የተጠየቀው ለደዋዩ፣ የተጠጋጋው ለማላቀቂያው። የፔጅ መጠን ቋሚ ተደርጎ ኮድ ውስጥ አይጻፍ፤ ሲስተሙ በሲስኮንፍ ይጠየቅ።

ሄደሩና የመጀመሪያው ሽሚያ

ሄደሩን እንዲህ ብታደራጁት ጥሩ ነው፦ ከባይት 0 እስከ 7 መለያ ቁጥር፤ 8 ላይ የአደረጃጀት ስሪት፣ 12 ላይ ሁኔታ (2 ማለት «ዝግጁ»)፣ እያንዳንዳቸው 4 ባይት፤ 16 ላይ የተጠጋጋው መጠን፣ 24 ላይ የተጠየቀው፣ 8 ባይት 8 ባይት፤ 32 ላይ የኮምፓይሉ አሻራ፣ 36 ላይ የሎኩ (ፕሮሰሶች እኩል እንዳይነካኩ የሚያግደው መቆለፊያ) ዓይነት፤ ከ64 እስከ 95 የሙሉ ስሙ ሻ-256 (የሃሽ አሻራ)፤ ከ128 ጀምሮ ሎኩ ራሱ። ሎኩን ወደ 128 የገፋነው ሌሎቹን መስኮች የሚያነቡ ፕሮሰሶች በሎኩ ግርግር እንዳይዘገዩ ነው፤ የካሽ መስመር ብዙ ቦታ 64 ባይት፣ አፕል ቺፕ ላይ 128 ነው።

መስኮቹ በሙሉ ቋሚ ስፋት ያላቸው ይሁኑ። ሎንግ የሚባለው ዓይነት 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት፣ ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት ነው። ሳይዝ_ቲም ቢሆን በ32ና በ64 ቢት ፕሮሰስ መካከል ይለያያል። ሎኩ ውስጥ የሚቀመጠው የፒትሬድ ሚውቴክስ (ዩኒክስ ላይ የተለመደው ሎክ) ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ጂሊብሲ ላይ በ64 ቢት ኢንቴል 40 ባይት፣ በ32 ቢት 24 ባይት ነው። አልፓይን ሊኑክስ ላይ ያለው የሲ ላይብረሪ መስል እና ዴቢያን ላይ ያለው ጂሊብሲ ደግሞ የሚውቴክሱን ውስጥ አንድ ዓይነት አድርገው ሊያነቡ ቃል አልገቡም። ሁለት ኮንቴይነር አንድ ሴግመንት ሲጋሩ ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ መሆኑ ያበቃል። የኮምፓይሉ አሻራ የሚባለው መስክ ለዚህ ነው፤ የቢት ስፋቱንና የሲ ላይብረሪውን ይይዛል፤ የማይገጥም ከመጣ ማያያዙ ስህተት ይመልሳል።

ስሙን በተመለከተ፦ የፖሲክስ ስም በሰያፍ መስመር ይጀምርና ሌላ ሰያፍ መስመር አይኖረውም። ማክ ላይ ከ31 ፊደል አይበልጥም። ደዋዩ የሰጠውን የፋይል መንገድ እንዳለ አታስተላልፉት፤ ሻ-256 አውጡለትና የመጀመሪያዎቹን 8 ባይቶች በ16 ሄክስ ፊደል ጻፉ። ሰያፍ መስመር፣ ሁለት ፊደል ቅድመ ቅጥያ፣ 16 ሄክስ፤ 19 ፊደል ነው። ሁለት ስም በአጋጣሚ ቢጋጭ ሄደሩ ውስጥ ያለው ሙሉ 32 ባይት ያጋልጠዋል።

አሁን ሽሚያው። ሁለት ፕሮሰስ እኩል ተነስተው ሁለቱም «ከሌለ ፍጠር» ይላሉ። አንዱ ይፈጥራል፤ ሌላው ይከፍታል። የከፈተው ግን መጠኑ ገና ዜሮ የሆነ ሴግመንት ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ፈጣሪው ሺም_ኦፕንን ጨርሶ ኤፍትራንኬት ላይ ገና አልደረሰምና። ማፕ አድርጎ ሲነካው ሲግባስ። ብዙ ኮድ ይህን የሚፈታው በሉፕ ነው፦ መጠኑ እስኪያድግ፣ ከዚያ የሁኔታው መስክ 2 እስኪሆን ይጠብቃል። ፈጣሪው በመሃል ከሞተስ? ሉፑ እስከ ዕለተ ምጽአት ይዞራል። የፈጣሪውን የፕሮሰስ ቁጥር ጽፎ «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅም አያዋጣም፤ ቁጥሩ ለሌላ ፕሮሰስ ይሰጣል፣ በኮንቴይነሮች መካከል ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ ትርጉም የለውም።

የሚሻለው ሽሚያውን ከሥሩ ማጥፋት ነው። ከሴግመንቱ ጎን አንድ ባዶ የሎክ ፋይል ይኑር። ሁሉም መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን በፍሎክ፣ በፋይል መቆለፊያው ጥሪ፣ መያዝ ነው። ከዚያ ሴግመንቱን ይሞክራል፤ ካለና ሁኔታው 2 ከሆነ ይያያዛል። ካለና 2 ካልሆነ የቀድሞው ፈጣሪ ሞቷል ማለት ነው፤ ሎኩ በእጃችን ስለሆነ ሌላ ትርጉም ሊኖረው አይችልም። ይሰርዝና እንደ አዲስ ይፈጥራል። ጨርሶ ሎኩን ይለቃል። ፕሮሰስ ሲሞት ሎኩን የሚለቀው ከርነሉ ነው፤ ሎኩን የያዘው ፕሮሰስ በዚያ መሃል ፎርክ እንዳያደርግ ግን ይጠንቀቅ፣ ልጁ ሎኩን ይዞ ይቀራል። ፍሎክን እንጂ የኤፍሲንትል ሎክን አልመረጥንም፤ ኤፍሲንትል ላይ ያው ፕሮሰስ ያንኑ ፋይል ሌላ ቦታ ከፍቶ ሲዘጋው ሎኮቹ በሙሉ ይለቀቃሉ፣ ላይብረሪ ደግሞ ከጎኑ ያለ ሌላ ላይብረሪ ምን እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ አያውቅም። የሎክ ፋይሉን «ለማጽዳት» ብላችሁ አትሰርዙት። ከሰረዛችሁት አንዱ ፕሮሰስ የድሮውን ፋይል፣ ሌላው አዲሱን ይዞ ሁለቱም «እኔ ነኝ የያዝኩት» ይላሉ።

ዊንዶውስ ላይ ይኸው ነገር በስም በተፈጠረ ሚውቴክስ ይሠራል። እዚያ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው፦ ክሪኤትፋይልማፒንግ ስሙ ካለ የነበረውን ይመልሳል፣ የጠየቃችሁትን መጠን ችላ ይላል፣ ይሳካልም። የመጨረሻውን ስህተት ጠይቃችሁ 183 መሆን አለመሆኑን ካላያችሁ ያንን አታውቁም።

ከውስጥ ማካፈል

ሴግመንቱ ተገኘ። ከውስጡ ትንንሽ ቁራሽ መስጠት ላይ የመጀመሪያው ሕግ ፖይንተር አለማስቀመጥ ነው። ሴግመንቱ በሁለት ፕሮሰስ ውስጥ በሁለት የተለያየ አድራሻ ይቀመጣል፤ በአንዱ ውስጥ ትክክል የሆነ ፖይንተር በሌላው ውስጥ ባዕድ ቦታ ያመለክታል። የሚቀመጠው ከመነሻው ያለው ርቀት፣ ኦፍሴት ነው። ሄደሩ መነሻው ላይ ስለሆነ ኦፍሴት 0 ለማንም አይሰጥም፤ ስለዚህ 0 ያለ ተጨማሪ ወጪ «ባዶ» ማለት ይሆናል። የሲ++ው ላይብረሪ ቡስት ኢንተርፕሮሰስ የሚከተለው ሌላ መንገድ ነው፤ ርቀቱን የሚቆጥረው ከራሱ ከኦፍሴቱ ቦታ ነው፤ እዚያ 0 «ራሴን» ማለት ስለሚሆን ለባዶ 1ን ለመጠቀም ተገዷል። ለሲ ላይብረሪ ከመነሻ መቁጠሩ ይቀላል፤ ኦፍሴቱ ከቦታ ቦታ ሲገለበጥም ትርጉሙ አይቀየርም። የሲ++ ሰው ደግሞ ቨርቹዋል ፈንክሽን ያለው ዕቃ ወይም ስትሪንግ እዚያ ውስጥ ማስቀመጥ እንደማይችል በግልጽ ይነገረው፤ ውስጣቸው ፖይንተር ነው።

አሎኬተሩ፣ ቁራሹን የሚያድለው ኮድ፣ የረቀቀ መሆን አያስፈልገውም። መሆን ያለበት በማንኛውም ቅጽበት «ኪል -9» (ፕሮሰስን ወዲያው የሚገድል ትእዛዝ) ቢመጣ የማይበላሽ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ 16 ባይት ሄደር ይኑረው፤ የመጀመሪያው 8 ባይት የብሎኩ መጠን ነው። መጠኑ ሁልጊዜ የ16 ብዜት ስለሆነ ዝቅተኛው ቢት ትርፍ ነው፤ «ተይዟል» የሚለውን ምልክት እዚያ እናስቀምጣለን። መጠንና ምልክት በአንድ የ8 ባይት ጽሑፍ አብረው ይቀየራሉ ማለት ነው።

አንድ ምደባ ቀርበን እንየው። ነፃ ብሎክ ከኦፍሴት 256 ይጀምራል፣ መጠኑ 3840። ደዋዩ 130 ባይት ይፈልጋል። ከሄደሩ ጋር 146፤ ወደ 16 ብዜት ሲጠጋጋ 160። መጀመሪያ የሚጻፈው የተረፈው ብሎክ ሄደር ነው፦ ኦፍሴት 416 ላይ «3680፣ ነፃ»። ከዚያ ብቻ ኦፍሴት 256 ላይ ያለው ቁጥር ከ3840 ወደ «160፣ ተይዟል» በአንድ አቶሚክ (መሃል ላይ የማይቆራረጥ) ጽሑፍ ይቀየራል። ፕሮሰሱ በሁለቱ መካከል ቢሞት? ከ256 ተነስቶ በመጠን እየዘለለ የሚሄድ ሰው 3840 ያነብና በቀጥታ 4096 ላይ ይደርሳል፤ 416 ላይ የተጻፈው በነፃ ቦታ ውስጥ የተቀበረ ቆሻሻ ነው፣ ማንም አያየውም። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ግን 256 ላይ 160 ተጽፎ 416 ላይ ያልታወቀ ነገር ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ኮምፓይለሩም ሆነ ፕሮሰሰሩ እንዳይገለብጡት ሁለተኛው ጽሑፍ በሪሊዝ ቅደም ተከተል ይሁን። ሁለት አጎራባች ነፃ ብሎኮችን ማዋሃድ ደግሞ የፊተኛውን መጠን ማሳደግ ብቻ ነው፤ አንድ ጽሑፍ።

የነፃ ብሎኮች ሰንሰለት እንደ ፍጥነት መርጃ ብቻ ይታይ፤ እውነቱ ያለው በብሎኮቹ መጠን ውስጥ ነው። ሎኩን የያዘ ፕሮሰስ ከሞተ ሰንሰለቱን ጥሎ ብሎኮቹን ከዳር እስከ ዳር ተራምዶ እንደገና መሥራት ይቻላል። መሞቱን ማን ይነግረናል? ሊኑክስ ላይ ሮበስት የተባለው ሚውቴክስ፤ ቀጣዩ ጠያቂ «ባለቤቱ ሞቷል» የሚል መልስ ይዞ ሎኩን ያገኛል። ያን ጊዜ ሰንሰለቱን ሠርቶ ሚውቴክሱን «ተስተካክሏል» ብሎ ማወጅ አለበት፤ ሳያውጅ ከለቀቀው ሚውቴክሱ ከዚያ በኋላ ለማንም አያገለግልም። ዊንዶውስ «የተተወ» የሚል ተመሳሳይ መልስ አለው። ማክ ግን ሮበስት ሚውቴክስ የለውም፤ ባለቤቱ ከሞተ የቀሩት ለዘላለም ይጠብቃሉ። እዚያ ያለው አማራጭ የፋይል ሎክ ነው፤ ይዘገያል፣ ግን ከርነሉ ይለቀዋል። የፋይል ሎክ ግን «የቀድሞው ሞቷል» አይልም፤ ስለዚህ ሄደሩ ላይ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚል ባንዲራ ሎኩ ሲያዝ ይሰቀል፣ ሲለቀቅ ይውረድ። ሎኩን ይዞ ባንዲራውን ተሰቅሎ ያገኘ ሰው ያስተካክል። የትኛው የሎክ ዓይነት እንደተመረጠ ሄደሩ ላይ 36ኛው ባይት ላይ አለ፤ ያንን ዓይነት የማያውቅ ፕሮሰስ ሲያያዝ ይመለሳል።

ሞቶ የቀረ ፕሮሰስ ይዞት የነበረውን ብሎክ ራሱን አሎኬተሩ አያስመልስም። ያ የደዋዩ ጉዳይ ነው።

ሲሞላ ማሳደግ

«ተለዋዋጭ» የሚለው ቃል ሲነሳ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሴግመንቱን ማሳደግ ነው። አይሞክሩት። ሲስተም ፋይቭ ላይ አይቻልም። ማክ ላይ ኤፍትራንኬት የሚሠራው አንድ ጊዜ፣ ሴግመንቱ እንደተፈጠረ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ጥሪ ይወድቃል። ማፕን የሚያሰፋው ኤምሪማፕ ማክና ዊንዶውስ ላይ የለም። የሚቻልበት ቦታም ቢሆን ያሳደገው ፕሮሰስ አድራሻው ሲቀየር በደዋዩ እጅ ያሉት ፖይንተሮች ሁሉ ይሞታሉ፤ ሌሎቹ ፕሮሰሶች ደግሞ መስፋቱን አያውቁም።

ሴግመንት ይጨመር እንጂ ሴግመንት አይስፋ። ለተጠቃሚው የሚሰጠው መለያ 64 ቢት ነው፤ ላይኛው 16 የሴግመንት ቁጥር፣ ታችኛው 48 ኦፍሴት። ፖስትግሬስኪውኤልም በተመሳሳይ ሐሳብ ይሠራል፤ 64 ቢት ላይ ለኦፍሴቱ 40 ቢት ይሰጣል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ በራሱ ሜሞሪ ውስጥ «የሴግመንት ቁጥር፣ መነሻ አድራሻ» የሚል ሠንጠረዥ ይይዛል። የማያውቀው ቁጥር ሲመጣበት ያኔ ሄዶ ይያያዛል፤ ስሙ የዋናው ስም ላይ ሰረዝና ቁጥር ተጨምሮበት ስለሆነ አይጠፋውም፣ ትልቁ 65535 ቢሆን እንኳ 25 ፊደል ነው። ጨማሪው ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ፦ ሎኩን ይዞ አዲሱን ይፈጥራል፣ በፖሲክስ_ኤፍአሎኬት ቦታውን ይይዛል፣ ሄደሩን ይጽፋል፣ መጨረሻ ላይ ብቻ በዋናው ሄደር ላይ ያለውን የሴግመንት ቆጠራ ከፍ ያደርጋል። ቦታ ከሌለ ቆጠራው ሳይነካ ደዋዩ «ሜሞሪ የለም» ይባላል። እዚህ ላይ አቋማችን ትንሽ ይሸረሸራል፤ መለያውን የተቀበለ ሌላ ፕሮሰስ ማያያዝ ሊያቅተው ይችላል፣ ለምሳሌ የዴስክሪፕተር ጣሪያው ላይ ደርሶ። ስለዚህ መለያን ወደ ፖይንተር የሚቀይረው ጥሪ ባዶ ሊመልስ እንደሚችል ሰነዱ ላይ በደማቁ ይጻፍ። መጠኑን እጥፍ እያደረጉ መጨመር የሴግመንቱን ብዛት ይቀንሳል፤ 1 ሜጋባይት፣ 2፣ 4 እያለ።

መዝጊያው ላይ

መላቀቅና ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ጥሪዎች ይሁኑ። የተለመደው ጥፋት ይህ ነው፦ ወላጅ ፕሮሰስ ሴግመንት ይፈጥራል፣ «ስወጣ አጥፋ» ብሎ ያስመዘግባል፣ ፎርክ ያደርጋል። ልጁ ሥራውን ጨርሶ በሰላም ሲወጣ የወረሰው ምዝገባ ይሠራና የወላጁን ሴግመንት ስም ይሰርዛል። ወላጁ ምንም አይሰማውም፤ ማፑ አለው። ከዚያ በኋላ በስም ለመያያዝ የሚመጣ ፕሮሰስ ግን «የለም» ይባላል፣ ወይም አዲስ ባዶ ሴግመንት ይፈጥርና ሁለት ዓለም ይሆናል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ የፈጣሪውን የፕሮሰስ ቁጥር በራሱ ሜሞሪ ውስጥ (ሴግመንቱ ውስጥ አይደለም) ይዞ፣ ሲያጠፋ ጌትፒድ (የአሁኑ ፕሮሰስ ቁጥር) ከዚያ ጋር ካልገጠመ መላቀቅ ብቻ።

ልጆች ብቻ ለሚጋሩት ሴግመንት በግድ ስም ያለው መንገድ መጠቀም ካስፈለገ፣ እንደተከፈተ ወዲያው ስሙን ሰርዙት። ማፑ ይቆያል፣ ሁሉም ሲሞት ይጸዳል። ሲስተም ፋይቭ ላይ ተመሳሳዩን ማድረግ ይቻላል፤ ከተሰረዘ በኋላ በቁጥሩ አዲስ ሰው እንዲያያዝ የሚፈቅደው ግን ሊኑክስ ነው፣ ሌላ ቦታ አትመኩበት። የተረሳ ሴግመንት ካለ «አይፒሲኤስ -ኤም» ይዘረዝረዋል፤ የተያያዘ ብዛቱ 0 የሆነው ነው የሚፈለገው። የፖሲክሶቹ ሊኑክስ ላይ «/ዴቭ/ሺም» ውስጥ እንደ ፋይል ይታያሉ።

ፈቃዱ 0600 (ባለቤቱ ብቻ እንዲያነብና እንዲጽፍ) ይሁን፤ ሰፋ ያለ የጠየቀ ሰው ካለ ዩማስክ፣ የሲስተሙ የፈቃድ ማጣሪያ፣ እንደሚቆርጥበት አስታውሱት። ሩት ሆኖ ተነስቶ ወደ ሌላ ተጠቃሚ የሚወርድ ሰርቨር ከመውረዱ በፊት ባለቤቱን በኤፍቻውን ይቀይር። ለማታምኑት ፕሮሰስ ዴስክሪፕተር የምትሰጡ ከሆነ ሜምኤፍዲን «መጠኑ አይቀነስ» በሚል ማኅተም አሽጉት፤ አለዚያ ተቀባዩ ኤፍትራንኬት ጠርቶ እናንተን በሲግባስ ይገድላችኋል።

ለሙከራ አራት ነገር ይበቃል። አንደኛው ርካሽና ውጤቱ የሚገርም ነው፦ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያንኑ ሴግመንት ሁለት ጊዜ ማፕ አድርጉ፣ በሁለት አድራሻ፤ ምደባውን በአንዱ ሥሩ፣ ንባቡን በሌላው፤ ከዚያ የመጀመሪያውን አላቁት። ተደብቆ የቀረ ፖይንተር ካለ ወዲያው ይወድቃል፤ ሁለት ፕሮሰስ ሲሆን ግን አድራሻው በአጋጣሚ ገጥሞ ለወራት ሊደበቅ ይችላል። ሁለተኛው፣ ልጅ ፕሮሰስ ያለማቋረጥ እየመደበ እየለቀቀ ወላጁ በዘፈቀደ ሰዓት «ኪል -9» ይላከውና ብሎኮቹን ይራመድ፤ የመጠኖቹ ድምር ከሄደሩ ጋር ተደምሮ ልክ የሴግመንቱ መጠን ካልሆነ ሙከራው ወደቀ። አንድ ሺህ ዙር ጥቂት ሰከንድ ነው። ሦስተኛው፣ ሃያ ፕሮሰስ እኩል ተነስተው «ከሌለ ፍጠር» ይበሉ፣ ፈጣሪው ኤፍትራንኬት ፊት ሆን ተብሎ 100 ሚሊሰከንድ ይተኛ። አራተኛው መግቢያው ላይ ያለው ነው፤ 64 ሜጋባይት «/ዴቭ/ሺም» ባለው ኮንቴይነር ውስጥ በስም 256 ሜጋባይት ይጠየቅ፣ ከመፍጠሪያው ጥሪ 28 ቁጥር ይመለስ።